ዱያም ያልቀጠፈው እርከን

በደሴት መንደራችን በቬላ ስቲና ሰው ሁሉ የሚተክለውን አበባ ፈክቶ ያየ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ለሰሚው ግራ ነው፤ ግን እውነት ነው። የዚህ የቁንጫ አበባ ኃይሉ ያለው እምቡጡ ውስጥ ነው። ነጫጭ ቅጠሎቹን ዘርግቶ "እዩኝ እዩኝ" ማለት ከጀመረ የስፕሊት ከተማ ነጋዴ ዞር ብሎ አያየውም፤ ዱቄቱም ቁንጫን ከመግደል ይልቅ እሹሩሩ የሚላት ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ግንቦት ሲጋመስ መንደሩ በሙሉ ቅርጫቱን ይዞ ተራራው ላይ ይወጣና ሊፈካ አንድ ሁለት ቀን የቀረውን ሁሉ ቀጥፎ ይጨርሳል። ለዘር ተብለው በየጥጉ ከሚተዉ ጥቂት ራሶች በቀር የሚያብብ የለም።

ፔሪና ይህን ሥራ የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። የወይኑ በሽታ መጥቶ የአባቷን ተክል ከሥሩ ሲያደርቀው፣ አባቷ ጉቶውን ነቅሎ አቃጠለና በዚያው እርከን ላይ የቁንጫ አበባ ተከለ። ይህ አበባ ከድንጋይ ሥር ይበቅላል፤ ውሃ አይለምን፣ ፍግ አይለምን፣ አንዴ ከያዘ በየዓመቱ ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ሥቃዩ ያለው ለቃሚው ላይ ነው። ራሱን በሁለት ጣት መሐል እንደ ማበጠሪያ አስገብቶ መንቀል፣ ሰገነት ላይ አንሶላ ዘርግቶ በጥላ ማድረቅ፣ በየቀኑ ማገላበጥ፣ በመጨረሻም መውቀጥ። የፔሪና ጣቶች በየዓመቱ ይቀላሉ፣ ይላጣሉ፣ እስከ መስከረም ያሳክካሉ። ማስነጠሱማ አይነሳ! በዚያ ሰሞን በቤተ ክርስቲያናችን ከቄሱ ድምፅ ይልቅ የምእመናኑ ማስነጠስ ይሰማል።

ታዲያ ይህ ዱቄት የቤት ክብር ነው። ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የሙሽሮቹን ፍራሽ በራሷ እርከን ዱቄት ትነሰንሳለች። በሠርጉ ማግስት አማት ትመጣለች። ምንም አትጠይቅም፤ የሙሽራዋን ቁርጭምጭሚት ብቻ ጎንበስ ብላ ታያለች። አንዲት ቀይ ነጥብ ከተገኘች የሙሽራዋ እናት ለዓመት ከሰው አትቀላቀልም። የፔሪና ቁርጭምጭሚት ግን እንደ ተላጠ እንቁላል ጠርቶ ስለተገኘ አማቷ ግንባሯን ስማ መረቀቻት።

ያገባችው ዱያምን ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ በዱያም አፍማ ዝንብ ቀርቶ እንጀራም እንዴት እንደሚገባ የሚገርማቸው ነበሩ። ሊጠይቃት በመጣ ቀን የተናገረው ሦስት ቃል ነው። "ቤት አለኝ። ትመጪያለሽ?" ሄደች። ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ኖሩ፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱም ቺሊ ተሻግረው ቀሩ። ዱያም ክፉ አልነበረም። አህያዋን ይጭንላታል፣ እንጨቱን ይፈልጣል፣ የደረቀ በለስ ሲገኝ ትልቁን ወደ እሷ ገፋ ያደርጋል። ቃል ብቻ የለውም። እሷም ለሁለት ታወራ ነበር፤ አንዳንዴ ግን ይህ ሰው እኔን ይወደኛል ወይስ ለምዶኝ ነው እያለች ታስባለች።

ሃምሳ ሦስት ሲሞላት ዓይኗ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ አልታይ አላት፤ ቀጥሎ ከጎን የሚመጣ ሰው ድንገት ከመሬት የበቀለ ይመስላት ጀመር። ዱያም በጀልባ ስፕሊት ወሰዳት። ሐኪሙ በመብራት ውስጥ ውስጡን አይቶ ከዓይኗ ኋላ ያለው ጅማት እየሞተ መሆኑን፣ መድኃኒት እንደሌለው ነገራቸው። "አንድ ዓመት፤ ቢበዛ ሁለት" አለ።

ሲመለሱ ጀልባው ላይ ፔሪና ለማልቀስም ለመሳቅም አልሆነላትም። "የሚቆጨኝን ልንገርህ?" አለችው። "ዕድሜ ልኬን የዚያን አበባ አንገት ስቀጥፍ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ እርከኑ ሙሉውን ፈክቶ አላየሁም። አይ እኔ! አሁን ይሄ ያስቆጫል?"

ዱያም ባሕሩን ያያል። ምራቁን ወደ ውሃው ተፋ፤ ኮፍያውን አስተካከለ። አልሰማኝም አለች በልቧ።

በቀጣዩ ዓመት ለቀማው ሊጀመር ሲል ቅርጫቶቹን እያወረደ ሳለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ "የላዩ አይነካም" አለ።

"ምን አልክ?"

"አይነካም አልኩ" ብሎ ወጣ።

የላዩ እርከን ማለት ሞታችንም ሕይወታችንም የሚሉት ነው። የዱያም አባት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋዩን እየለቀመ፣ በአንድ ጎኑ ቤት የሚያህል ነጭ የድንጋይ ክምር እየከመረ ያቀናው ምርጥ መሬት ነው። ፔሪና ቅርጫቷን እንደያዘች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሰምቷት ኖሯል። በዚያ ዕድሜዋ ፊቷ እንደ ልጃገረድ ሲቀላ ተሰማት።

ግን ሰማይ አላገዘም። ቦራ፣ ያ ከሰሜን የሚወርደው ብርድ ነፋስ፣ ሦስት ሳምንት ሳያቋርጥ ነፈሰ። እምቡጡ ጥርሱን ነክሶ አልፈታም አለ። የፔሪና ዓይን ደግሞ አይጠብቅም። ለፋሲካ ከበሩ የቆመ ሰው ማን እንደሆነ ትለይ ነበር፤ በግንቦት መጀመሪያ ግን የዱያምን እህት ቪትሳን የምታውቃት በድምጿ ብቻ ሆነ። ደግነቱ ቪትሳን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም፤ ድምጿ ከእሷ ቀድሞ ይገባል።

ፔሪና ደበቀችው። ከአልጋ እስከ ምድጃ ስንት እርምጃ እንደሆነ በልቧ ያዘች። ወይን ስትቀዳ ጣቷን በጽዋው ጠርዝ ውስጥ ታደርጋለች። ዱያም ካወቀ ልቡ ይሰበራል፤ እርከኑንም በከንቱ አይተወውም፣ ይቀጥፈዋል። ለእሷ ደግሞ ያ እርከን ተቀጥፎ ማየት ማለት የተሰጣት ነገር መልሶ ሲወሰድ ማየት ነው። "ቆይልኝ" ትለዋለች ዓይኗን፣ እንደ ሰው። "አሥር ቀን ብቻ ቆይልኝ፤ ከዚያ ወዲያ እንደፈለግህ።"

የታችኞቹ እርከኖች ተቀጥፈው አለቁ። ቪትሳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በግቢው በር ገባች።

"ወንድሜ! የላዩ እርከንህ እኮ ሊፈካብህ ነው! ምን ነክቶህ ነው?"

ዱያም ከእንጨቱ ቀና አለ። አሰበ። "ወገቤን" አለ።

"ወገብህን ምን?"

"ያመኛል።"

ይሄው ነው የተናገረው። ለቪትሳ ግን ይበቃል። ሳይመሽ መንደሩ በሙሉ ዱያም ከአልጋ መነሳት እንደተሳነው አወቀ፤ ወሬው መጨረሻው ቤት ሲደርስ ደግሞ ቄስ ተጠርቶለታል ተብሎ ነበር።

በቬላ ስቲና በለቀማ ሰሞን አንድ ቤት ሕመም ከገባበት መንደርተኛው ራሱ ይለቅምለታል። አይጠየቅም፣ አይመሰገንም፤ ማመስገን እንዲያውም ነውር ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ፔሪና በመስኮቱ ሥር የብዙ ሰው እግር ወደ ላይ ሲያልፍ ሰማች፤ መሐል መሐሉን ማስነጠስ አለበት። ምን እንደሆነ ገባት።

"ዱያም! ሊቀጥፉልን ወጡ!"

ዱያም ጫማውን ሳያስር ወጣ። እሷ የአህያዋን ኮርቻ ይዛ ተከተለችው፤ ያን ሁሉ ዳገት እግሯ እያወቀላት ወጣች። ሲደርሱ አሥራ አራት ሰው እርከኑ ጫፍ ላይ ተደርድሮ ሁለት መደብ ቀጥፏል።

"አንተ በሽተኛ!" የቪትሳ ድምፅ ነው። "ማን ተነስ አለህ? ሂድ ተኛ! እኛ እስከ እኩለ ቀን እንጨርሰዋለን።"

"ተዉት" አለ ዱያም።

"ምኑን?"

"አትንኩት።"

"ነገ እኮ ይፈካል! ከፈካ ቆሻሻ ነው፣ ለአህያ እንኳ አይሆን!"

"ይፍካ።"

ቀጣፊዎቹ ቀና ቀና አሉ። "ባርባ ዱያም፣ አጎታችን፣ በጠዋት ቀማመስክ እንዴ?" አለ ፍራኔ የሚባለው አፈኛ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ፔሪና የባሏን ውርደት መስማት አልቻለችም። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ አትንካው ያልኩት፣ ለዘር..." ማለት ስትጀምር ዱያም ክንዷን ያዘ።

"ፔሪና ዓይኗ እየሄደ ነው" አለ። ድምፁ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይላል። "አበባውን ፈክቶ አይታው አታውቅም። እንድታይ ነው።"

አሥር ቃል። በሰው ፊት ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም፤ ያውም ስለ ሚስቱ። በእኛ መንደር ወንድ ልጅ ስለ አህያው በአደባባይ ያወራል እንጂ ስለ ሚስቱ አያወራም።

ቅርጫቶች አንድ በአንድ መሬት ሲቀመጡ ፔሪና ሰማች። የሰባ ስምንት ዓመቷ ቴታ ማሬ፣ የሁላችን አክስት፣ ከመደቡ እየወጣች፣ "እኔም አላየሁት እኮ" አለች ለራሷ። ፍራኔ ኮፍያውን አወለቀ አሉ። ቪትሳ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገችና "አበባው ነው፣ አበባው ነው" አለች፤ ማንም ምንም ሳይላት። የቀጠፉትን ለባለቤቶቹ ትተው ወረዱ።

ነፋሱ ግን አምስት ቀን ጨመረ። ስድስተኛው ቀን ላይ ቆመ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ዱያም ከቀትር በፊት ከተራራው ወርዶ በሩ ላይ ቆመና "ነይ" አለ።

ፔሪና የእሑድ ሻሿን አሰረች። በእነዚያ ስድስት ቀናት የቀራት ትንሽ ነገር አልቆ ነበር፤ አሁን የምትለየው ብርሃንን ከጨለማ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ወሰነች። አየሁ እለዋለሁ። መንደር ፊት ቆሞ ያተረፈልኝን አላየሁም ብዬ አፈር አላለብሰውም። ውሸት ከሆነም ከተናገርኳቸው ሁሉ ትንሿ ናት።

ላይ ሲደርሱ ከፊቷ ነጭ ብርሃን ቦግ አለ። ትልቅ፣ ከዳር እስከ ዳር። ይታያታል!

"ወይኔ ዱያም! ወይኔ! ነጭ ነው እኮ! እንዴት ያለ ነጭ ነው! ይህን ነው ስንቀጥፍ የኖርነው? እጃችን ይሰበር! እየው ሲያበራ፣ እየው እንዴት እንደተከመረ! ምንኛ ያማረ ነው፣ ማን ሠራው ይሄን ይባላል!"

ዱያም ዝም አለ። ዝምታውን ለምዳዋለችና አልገረማትም። ልትነካው ሁለት እርምጃ ተራመደች፣ እጇን ዘረጋች። እጇ ያረፈው በሞቀ ድንጋይ ላይ ነው።

ቀስ ብላ ዳበሰችው። ከሥሩ ሌላ ድንጋይ፣ ከጎኑ ሌላ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች በቀጭን ድምፅ።

"የአባቴ ክምር።"

ከዚህ በኋላ መደበቅ የለም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ ዱያም።

"ከፋሲካ በኋላ እየባሰ ሄደ። ይሄ ሳምንት ጨረሰው።"

"ምነው አልነገርሽኝም?"

"ትቀጥፈዋለህ ብዬ። አንተስ? ድንጋይ ሳሞግስ ቆመህ ትሰማለህ? ምነው ዝም አልከኝ?"

ዱያም እጁን ክምሩ ላይ አሳረፈ። "ሠላሳ ዓመት ነው የከመረው" አለ። "አንድም ሰው አመስግኖት አያውቅም። አባቴ ይስማ ብዬ ነው።"

ፔሪና ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ለቅሶ መጣ፤ አልታገለችውም። ለዓይኗ አለቀሰች፣ ለተቀጠፈው ሁሉ አለቀሰች፣ ይወደኛል አይወደኝም እያለች ላጠፋችው ዘመንም አለቀሰች። ዱያም ትከሻዋን ይዞ ወደ ሌላው ወገን አዞራት። እየመራ አስገባትና መሐሉ ላይ አስቀመጣት።

እጇን ዘረጋች። እነዚህ ጣቶች የሚያውቁት እምቡጡን ነው፤ እንደ ሽምብራ የጠነከረ፣ እንደ ጡጫ የተዘጋ። አሁን የነካችው ሌላ ነገር ነው። ጠፍጣፋ፣ ዙሪያውን ስስና ቀዝቃዛ ቅጠል ያለው፣ መሐሉ ፍርክስክስ የሚል። አንዱን ነካች፣ ሌላውን ነካች፣ በሁለት እጇ አቀፈችው። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያልነካችው አበባ ነበር።

"ስንት ነው የፈካው?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም አይበቃኝም፤ ንገረኝ።"

ዱያም ከጎኗ ተቀመጠ። ሲተነፍስ ሰማችው፤ ሸክም ሊያነሳ እንደተዘጋጀ ሰው። "ነጭ ነው" አለ። አቆመ። "እንደ ታጠበ አንሶላ... አይደለም። አንሶላ ዝም ይላል። ይሄ ይንቀሳቀሳል። ነፋሱ ከግንቡ በኩል ሲመጣ ያኛው መደብ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ይሄኛው፣ ከዚያ እኛ ዘንድ ይደርሳል። መሐል መሐሉ ቢጫ ነው። ንብ የለም፤ ንብ ይፈራዋል። ከጥጉ ጋ አንዱ አጭር ነው፣ ድንጋዩ ተጭኖት፣ ግን ፈክቷል። ከሥር ደግሞ ባሕሩ... ባሕሩ ዛሬ ከሱ ጋር ሲተያይ ቆሻሻ ይመስላል።"

የማታ ደወል እስኪደወል አወራ። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ተናገረው። ፔሪና እንዳያቆም ፈርታ አንዲት ቃል አልጣለችበትም።

ከሳምንት በኋላ ያንኑ እርከን ቀጠፉት፤ የፈካ አበባ ደግሞ ማን ይገዛዋል። ነጋዴው በጣቱ ነካ አድርጎ ሳቀ። ዱያም መልሶ አመጣው፣ አደረቀው፣ ወቀጠው፤ ለቤት ይሁን ብሎ ፍራሹን በሱ ነሰነሰ። መስከረም ሲገባ የፔሪና ብርሃን ጨርሶ ጠፋ። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ቁንጫው መጣ። የደሴቲቱ ቁንጫ ሁሉ ጥሪ የደረሰው ይመስል ዱያም ቤት ገባ፤ ያ ዱቄት ለእሱ እንደ ስኳር ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቪትሳ ጣሳ ይዛ መጣች። የፔሪናን ክንድ ስታይ ጮኸች።

"ምንድን ነው ይሄ! ጉድ! ቁርጭምጭሚትሽን አሳዪኝ... ኧረ ጉድ! ያን ቀን ግንባርሽን ስማ የመረቀችሽ እናቴ ይህን ሳታይ መሞቷ። ሰው ምን ይለናል? ተነሺ፣ ፍራሹን ልገልብጠው። የራሴን ዱቄት አምጥቻለሁ፣ ዘንድሮ የሰፈሩ ምርጥ ነው፤ እስከ ነገ አንዲት ነፍስ አትተርፍም።"

ፔሪና እየዳበሰች ሄዳ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለችበት።

"አይሆንም ቪትሳ።"

"ምን ማለትሽ ነው አይሆንም? ተበልተሽ ልታልቂ እኮ ነው!"

ውጭ ዱያም እንጨት ይፈልጣል። ፔሪና የመጥረቢያውን ድምፅ አዳመጠችና ሩቅ መሆኑን ስታረጋግጥ ቪትሳን በእጇ ጠራቻት፤ ጆሮዋ ሥር ዝቅ ብላ ተናገረች።

"ቁንጫው ሲበላው እንቅልፍ አይወስደውም። እንቅልፍ ካልወሰደው ደግሞ ያን አበባ ይነግረኛል። ትናንት የግንቡን ወገን ነግሮኝ ጨረሰ፤ ዛሬ ከክምሩ በላይ ያለው ነው የቀረው። ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቅኩትን ድምፅ አሁን አግኝቼ... አትነስንሺብኝ እህቴ። ቁንጫው ከሞተ ይተኛብኛል።"